ከጎርፉ በኋላ ማን ይደርሳል?

ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ መጥቶ አይሄድም፤ መጥቶ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2022 ድረስ ለአራት ተከታታይ ዓመታት የነጭ ዓባይ ዳርቻና የሱድ ረግረግ ከመጠን በላይ ሞላ፤ የአንዱ ዓመት ውሃ ሳይጎድል የሚቀጥለው ዝናብ ተደረበበት። በእነዚህ ዓመታት በየወቅቱ ከ800 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሰው ተጎድቷል። በ2024 ደግሞ የተጎጂው ቁጥር 1.4 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ ከእነዚህም ከ300 ሺህ በላይ የሚሆኑት ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ማሳው ለዓመታት በውሃ ሥር ስለሚቆይ ገበሬው ዘር ቢያገኝ እንኳ የሚዘራበት መሬት የለውም። ለዚህ ነው በዚያ አገር «ከአደጋው በኋላ» የሚባለው ጊዜ በሳምንታት ሳይሆን በዓመታት የሚቆጠረው።

የውሃው መነሻ ሩቅ ነው። በ2019 መጨረሻ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ በምሥራቅ አፍሪካ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አወረደ። የቪክቶሪያ ሐይቅ ከፍታም በግንቦት 2020 ከ1964 ወዲህ ያልታየ ደረጃ ላይ ደረሰ። ሐይቁ ትርፉን ኡጋንዳ ውስጥ ጂንጃ ላይ ባለው ግድብ በኩል ይለቃል፤ ውሃው በኪዮጋና በአልበርት ሐይቆች አቋርጦ ኒሙሌ ላይ ደቡብ ሱዳን ይገባል፤ ከዚያም ጁባን አልፎ ከቦር በታች ሱድ ውስጥ ይበተናል። ሜዳው ቁልቁለት የለውም ማለት ይቻላል፤ አፈሩም ዋልካ ስለሆነ አንዴ የጠገበ እንደሆነ ውሃ አያሰርግም። ጂንጃ ላይ የተለቀቀው ውሃ ሱድ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ እንዳደረገው በሌሊት እንቅልፍ ላይ አይመጣም፤ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ጊዜ አለ። የጎደለው ያንን ጊዜ ተጠቅሞ አረጋውያንን፣ ሕፃናትንና ከብቱን ወደ ደረቅ መሬት የሚያወጣ ዝግጅት ነው።

ጁባ ከሱድ በላይ፣ ወደ ደቡብ ስለምትገኝ እንደ ሰሜኖቹ ከተሞች አልሰጠመችም። ወደ እሷ የሚመጣው የሸሸው ሰው ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ ጀበል ኩጁር የሚባል ድንጋያማ ኮረብታ አለ፤ ግርጌው ያለው ሰፈርና ገበያም ጀበል ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ዋና ግቢ የሚገኘው በዚሁ በኩል ነው፤ በ2013 በተቀሰቀሰው የደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ነፍሱን ለማዳን ወደ ግቢው የሸሸው ሕዝብም አጥሩን ተጠግቶ ሠፍሮ ቀርቷል። በጀበል ገበያ ዙሪያ ሴቶች በመዶሻ ድንጋይ ሰብረው ጠጠር ይሸጣሉ፤ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ብስክሌቶች በአቧራው መሐል ይሽሎከለካሉ፤ ቧንቧ ወደ አብዛኛው ቤት ስለማይደርስ የውሃ ቦቴዎች ከወንዙ እየቀዱ ያከፋፍላሉ። በቦቴ ሥራውም ሆነ በሆቴሉና በምግብ ቤቱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የታወቁ ናቸው። ዝናብ ሲጥል የጭቃ መንገዱ ቦይ ይሆናል፤ መጸዳጃውና የሚጠጣው ውሃ የሚቀላቀሉትም ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ሙቀት ነው። ጎርፍ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሙቀት ግን ድምፅ ሳያሰማ ስለሚገድል ብዙ ጊዜ ከአደጋ አይቆጠርም። በመጋቢት 2024 የሙቀቱ መጠን እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል ተነግሮ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በየካቲት 2025 እንደገና ለሁለት ሳምንት ተዘጉ፤ የትምህርት ምክትል ሚኒስትሩ ማርቲን ታኮ ሞይ በወቅቱ እንደተናገሩት ጁባ ውስጥ በቀን በአማካይ 12 ተማሪዎች እየወደቁ ነበር። ብዙው ክፍል በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ መብራት ያለው ጥቂት ነው። ልጆቹን ወደ ቤት መላክም ሙሉ መፍትሔ አልነበረም፤ የብዙዎቹ ቤት ያው ቆርቆሮ ነውና።

አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ቤንቲዩና ጎረቤቷ ሩብኮና ከ2021 ጀምሮ በውሃ ተከበው ደሴት ሲሆኑ፣ ነዋሪው በባዶ እጁ ጭቃ እየዛቀ የአፈር ግድብ ሠርቷል። ሌሊት ውሃው ሲሸረሽረው የሚደፍኑትም እነዚያው ሰዎች ነበሩ። አካፋ ያልነበረው በሳፋ፣ ሳፋ ያልነበረው በመዳፉ ሠራ። ኋላ ከፓኪስታን የመጡት የሰላም አስከባሪ መሐንዲሶች በከባድ መሣሪያ ደረሱላቸው፤ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅትም ጥገናውን ያዘ። ግድቡ አድጎ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ደረሰ። ከግድቡ ውጭ ያለው ውሃ ውስጥ ካለው መሬት ከፍ ብሎ ሳለ ሕዝቡ፣ የአውሮፕላን ማረፊያውና የመጠለያ ጣቢያው የተረፉት በዚህ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የነዋሪውን ድርሻ ለይቶ ማሳየት ያስፈልጋል፤ የዕርዳታ ዘገባዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን የሚጀምሩት ማሽኑ ከደረሰበት ቀን ነውና።

ሆኖም የጎረቤት ዕርዳታ ወሰን አለው። በዲንቃና በኑዌር ሕዝቦች ዘንድ ከብት በዘመድ መካከል ተከፋፍሎ ይኖራል፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይሰጠዋል፣ ነገ ደግሞ ይመለስለታል። ይህ ለዘመናት የሠራ መተማመኛ ነው። በ2021 ግን ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ የቤት እንስሳት በጎርፉ ምክንያት አለቁ፤ የሰጪውም የተቀባዩም በረት በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። የእኛም እድር ከዚህ አይለይም። እድር የሚሰላው በተራ ለሚመጣ ሐዘን ነው፤ አንድ ቤት ሲያለቅስ መቶው ቤት ይደርሳል። መቶው ቤት አብሮ ሲያለቅስ ግን ካዝናው አንድ ሳምንት አይዘልቅም። መንግሥትና የዕርዳታ ድርጅት የሚያስፈልጉት ጎረቤት ስለሌለ አይደለም፤ ጎረቤቱም ተጎጂ ስለሆነ ነው። ሁለቱ እስኪገናኙ ያለው ክፍተት ሰው የሚሞትበት ክፍተት ነው፤ ከዚህ በታች የሚዘረዘረውም በአብዛኛው እሱን ስለማጥበብ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ረዳቱ ራሱ አለመሞቱ ነው። ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። በማግስቱ ጠዋት የአካባቢው ሰው ለመቆፈር ወጣ፤ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ሠራተኞችም አብረው ነበሩ። ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ የተናደው እነሱ ሲቆፍሩ ነው። ከሞቱት ከ240 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ናቸው። ከእነዚያ ደጋጎች ሞት የሚወሰድ ትምህርት ካለ፣ በራሰ ተዳፋት ሥር ሲቆፈር አንድ ሰው ራቅ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ ተራራውን ብቻ መጠበቅ እንዳለበት፣ ቆፋሪዎችም በተራ እየገቡ ሌላው ከአደጋው ክልል ውጭ መቆየት እንዳለበት ነው።

የጎርፍ ውሃም እንዲሁ ነው። የሚፈስ ውሃ ጉልበት ላይ ሲደርስ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ ገመድ ሳይዙ መግባት ሁለት ሬሳ ማውጣት ይሆናል። የወደቀ የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት ውሃ ውስጥ አይገባም። በደቡብ ሱዳን ጎርፍ ጊዜ እባብም እንደ ሰው ደረቅ መሬት ስለሚፈልግ ከሰው ጋር አንድ ጉብታ ላይ ይሰፍራል። የተነደፈን ሰው ቦታውን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ ማሰር ይጎዳዋል። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው ያለው መንገድ። ሙቀት የጣለውን ሰው ደግሞ ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ሰውነቱን በውሃ እያረጠቡ ማራገብ ያሻል። ከነቃ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ፣ ማቀዝቀዙን ሳያቋርጡ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። የትኩሳት ክኒን ለዚህ አይሠራም።

ነፍስ ከተረፈ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ወዴት ይኬዳል የሚል ነው። ከቦርና ከትዊክ ኢስት በ2020 የተፈናቀሉ ብዙዎች በወንዙ ሽቅብ ወደ ማንጋላ መጡ፤ ማንጋላ ከጁባ በስተሰሜን ናት። ከብት ያተረፉት ከብታቸውን እየነዱ ወደ ደቡቡ የኢኳቶሪያ ክልል ገበሬዎች ማሳ ገቡ፤ ከባለማሳው ጋርም ደም ተፋሰሱ። ሌሎች በጀበልና በሌሎች የጁባ ሰፈሮች ባሉ ዘመዶቻቸው ቤት ተጠጉ። ለአሥር ሰው በተሠራች ጎጆ ሃያ ሰው ያድራል፤ የአስተናጋጁ ማሽላ በወር ፈንታ በሁለት ሳምንት ያልቃል። በመጠለያ ጣቢያ የሠፈረ ሰው ይታያል፣ ይቆጠራል። ዘመድ ያስጠለለው ግን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነዋሪ ይመስላል፤ እሱንም ያስጠጋውንም ማንም አይቆጥራቸውም። የጁባ ችግር ግማሹ ይኸው ያልተቆጠረ ሰው ነው።

ስለዚህ መመዝገብ ከዕርዳታ ሥራ ሁሉ ደረቁ ቢመስልም ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው። በደቡብ ሱዳን የአስተዳደር እርከን ታችኛው ቦማ፣ ከዚያ በላይ ፓያም፣ ከዚያም ካውንቲ ነው። ተፈናቃይ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በቦማው አለቃ ዘንድ ነው። በመንግሥት በኩል ዕርዳታን የሚያስተባብረው የዕርዳታና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነው፤ ከወሎው ረሃብ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን ኮሚሽን ለሚያስታውስ ሰው ስሙ እንግዳ አይሆንም። የደቡብ ሱዳን ቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞችም በየሰፈሩ አሉ። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጣት አሻራ ይመዘግባሉ። በምዝገባው ቀን መላው ቤተሰብ መገኘት አለበት፤ ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠባ እናት፣ አካል ጉዳተኛና ብቻውን የመጣ ሕፃን ካለ ሳይጠየቁ መናገር ይገባል፤ የተለየ ድጋፍ የሚሰጠው በዚያ ነው። መታወቂያው በውሃ የጠፋበት ሰው በዚህ ምክንያት መከልከል የለበትም፤ የቀዬው ሽማግሌ ምስክርነት ብዙ ጊዜ መንገድ ይከፍታል።

ማንም ሊረሳው የማይገባ ሌላ ነገርም አለ። ዕርዳታ ነፃ ነው። ስም ለመመዝገብ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከዚያም የከፋው ለእህል ወይም ለሸራ ሲል ከሴት ልጅ ገላ የሚፈልግ ሰው ወንጀለኛ ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች የአቤቱታ መቀበያ እንዲኖራቸው የተገደዱትም ይህ በተለያዩ አገሮች ደጋግሞ በመድረሱ ነው። ሰልፍ ላይ አጠገብ ያለች ልጅ ከተደፈረች ወይም ከተዋከበች፣ ከእሷ ጋር አብሮ ሄዶ መናገር ማሽላ ከመስጠት የማያንስ ዕርዳታ ነው።

የተለያየ ቤተሰብ ጉዳይም አለ። ውሃ ሲመጣ አባት ከብቱን ይዞ በአንድ በኩል፣ እናት ልጆቹን ይዛ በሌላ በኩል ይወጣሉ፤ ስልክ በማይሠራበት ቦታ እስከ ወዲያኛው ሊተጣጡ ይችላሉ። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴና የየአገሩ ማኅበራት የጠፋ ዘመድ ያፈላልጋሉ፤ አጭር የቤተሰብ መልእክትም ያደርሳሉ። አገልግሎቱ ድንበር ይሻገራል፤ ጋምቤላ ያለች እናት ጁባ ያለ ልጇን በዚህ መንገድ ልትፈልግ ትችላለች።

ከጎርፍ በኋላ ብዙ ሰው የሚገድለው ሌላው ነገር የሚጠጣው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 2024 የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሬንክ ከተማ ላይ የኮሌራ ወረርሽኝ መከሰቱን አወጀ፤ በሽታው ጥቂት ሳይቆይ ጁባና ሩብኮና ገባ፤ በቀጣዩ ዓመትም የሟቾቹ ቁጥር ከአንድ ሺህ አለፈ። ኮሌራ የሚገድለው ፈሳሽ አሟጥጦ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ጠንካራ ሰው ይጥላል፤ ነገር ግን ፈሳሹ በጊዜ ከተተካ የሚድን በሽታ ነው። የኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ውህድ) ከረጢት ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ እያጠጡ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ጨው ማብዛት አደገኛ ነው፤ መለኪያው መጠበቅ አለበት።

ዓለም አቀፉ የዕርዳታ መለኪያ በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለሃያ ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ስድስት ነፍስ ያለው ቤት በቀን አምስት ጀሪካን ሊቀርብለት ይገባል ማለት ነው። በቦቴ ውሃ ለሚኖር የጀበል ቤተሰብ ይህ በኪስ የሚቻል አይደለም። ባለ ቦቴዎች በወረርሽኝ ጊዜ ሊያደርጉ ከሚችሉት ደግ ሥራ ትልቁ ከመሙያው ጣቢያ ክሎሪን ሳይጨመር አለመነሣት ነው። በቤት ውስጥም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አሠራሩን ያውቀዋል፤ ውሃው ደፍርሶ ከሆነ በጨርቅ አጣርቶ መድኃኒቱን መጨመርና 30 ደቂቃ መጠበቅ። የቤንቲዩ ታሪክ እዚህ ላይ ተስፋ ይሰጣል። በ2022 ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በመጠለያ ጣቢያው በተበከለ ውሃ ለሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ ክትባት ሰጡ፤ ክትባቱ ወረርሽኝ ለመግታት ሲውል በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

ምግብን በተመለከተ፣ መንገድ በሌለበት ቦታ እህል ከአውሮፕላን ይጣላል፤ እስኪደርስ ግን ሰዉ በረግረጉ ላይ የሚበቅለውን የውሃ አበባ ሥር እየነቀለ ይበላል። ከሩቅ ሆኖ መርዳት ለሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ አንድ ግልጽ ፍርድ መስጠት ይቻላል። ገበያ ባለበት እንደ ጁባ ባለ ከተማ ከአሮጌ ልብስ ክምር ይልቅ ገንዘብ ይበልጣል። ተጎጂው የጎደለውን ራሱ ያውቃል፤ ገንዘቡም በጀበል ነጋዴ እጅ ይዞራል። ገበያ በሌለበት ደግሞ ሸራ፣ የወባ አጎበር፣ ጀሪካን፣ ሳሙናና የወር አበባ መጠበቂያ ይቀድማሉ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ይወጣል።

የሰው ልብም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው መመሪያ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ለተጨነቀ ወገኑ የሚያደርገውን በሦስት ነገር ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማን ይበልጥ እንደተጎዳ መለየት ነው። ማዳመጥ ሲባል የደረሰበትን እንዲተርክ ማስገደድ አይደለም፤ መናገር ካልፈለገ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል። ማገናኘት ደግሞ ከዘመዱ፣ ከሐኪሙ፣ ከመዝገቡ ጋር ነው። ኢትዮጵያዊ ለቅሶ ሲደርስ ብዙ ሳይናገር መቀመጡ ከዚህ ጋር ይስማማል። «እግዜር ያመጣው ነው፣ ተወው» እያሉ ቶሎ ማስቆም ግን አይስማማም። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣ፣ ምግብ የተወ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ረዳቱም ሰው ነው፤ ግድብ ሲደፍን ያደረ በተራው ካልተኛ ሦስተኛው ቀን ላይ እሱም ተረጂ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። ከጁባ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የጎሮም የስደተኞች ሠፈር ለዓመታት ያስጠለለው ከጋምቤላ የተሰደዱ አኙዋኮችን ነው፤ ከ2023 በኋላ ደግሞ ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሱዳናውያን ተጨመሩበት። በሌላ በኩል ጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ ደቡብ ሱዳናውያንን ተቀብላለች፤ በ2014 ሌችዎር የተባለው ሠፈር በጎርፍ ሲዋጥ ስደተኞቹን ዳግም ማንሣት ግድ ሆኗል። ሁለቱን አገሮች ውሃም ያገናኛቸዋል፤ የጋምቤላው ባሮ ወንዝ ከፒቦር ጋር ተጋጥሞ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። የኢትዮጵያ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ የጋምቤላውን ኢታንግንም የደቡብ ሱዳኑን ናስርንም አንድ ሰሞን ያጥለቀልቃል።

ጁባ ያለው ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ከሚመዘግበው ተቋም ይልቅ ለተጎጂው የቀረበባቸው ጊዜያት አሉ፤ ቦቴ አለው፣ ድስት አለው፣ አዳራሽ አለው። አገር ቤት ማንኛውም እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና የአባላት መዝገብ ይዟል፤ ይህ በሌላ ስሙ የአደጋ ጊዜ መጋዘን ነው። ስደት ላይ ያለ ማኅበርም ይህንኑ ቢይዝና መዝገቡ ላይ ብቻውን የሚኖረውን፣ የታመመውን፣ ወረቀት የሌለውን ጭምር ቢያሰፍር፣ አደጋ በደረሰ ቀን ከቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ጋር የሚነጋገርበት ዝርዝር አለው። ወረቀት የሌለው ሰው ከሁሉ ይበልጥ ይደበቃል፤ ኮሌራ ይዞትም ሆስፒታል መሄድ ይፈራል። ሕክምና በችግር መጠን እንጂ በዜግነት እንደማይሰጥ የሚነግረውና አብሮት የሚሄድ የአገሩ ሰው ያስፈልገዋል።

የውጭው ዕርዳታ ደግሞ እየመነመነ ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲቆርጥ ብዙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ተዘጉ ወይም አገልግሎታቸውን ቀነሱ። በጆንግሌ ግዛት አኮቦ ካውንቲ ኮሌራ የያዛቸው አምስት ሕፃናትና ሦስት አዋቂዎች በሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ በሙቀቱ መሐል ሕክምና ሳይደርሱ መሞታቸውን ሴቭ ዘ ችልድረን አስታውቋል። እነዚያን ስምንት ሰዎች ለማዳን የሚያስፈልገው በአቅራቢያቸው ያለ ኦአርኤስ፣ ንጹሕ ውሃና አጠጪ ሰው ነበር።

የጁባ ዝናብ በሚያዝያ ገደማ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ሙቀቱ የሚበረታባቸውም፣ ለጎርፉ መዘጋጃ የሚሆኑትም ናቸው። በእነዚህ ወራት በየሰፈሩ ኦአርኤስና ክሎሪን ይቀመጥ፤ በየቆርቆሮ ቤቱ አጠገብ ጥላ ይሠራ፤ ቦዮች ይጠረጉ። በጀበልም ሆነ በሌላ ሰፈር የተፈናቀለ ዘመድ ያስጠለለ ሁሉ ነገ ጠዋት እንግዶቹን ይዞ ወደ ቦማው አለቃ ይሂድና ያስመዝግባቸው፤ የራሱንም ቤት ጭምር።